የካራው አናጢ ዕቃዎች

አባቴን የካድኩት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ በአፌ፣ አንዴ በዝምታዬ። የቱ ይብሳል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለተኛው እላለሁ። የመጀመሪያውን ስናገር ቢያንስ አባቴ አጠገቤ አልነበረም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ዘረሰናይ ካልጠፋ ነገር በእንጨት መላጊያ ስላበደ ነው። ዘረሰናይ የምወደው ሰው ነው። ሲፈጥረው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እንዲውል የተፈጠረ፣ እጁ ላይ አንዲት ጠባሳ የሌለችበት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በጽድ በታጠረ ሰፊ ግቢ ያደገ የአምባሳደር ልጅ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ከእናቱ ከወይዘሮ ለተሥላሴ ጋር ይኖራል። አምና አንድ ቀን ዩቲዩብ ላይ አንድ ሽማግሌ ወንበር ሲሠሩ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለንም። ግቢያቸው ውስጥ የነበረውን ሰርቪስ ቤት ባዶ አድርጎ "ወርክሾፔ" አለው። ወርክሾፑ ውስጥ ግን አንድ መዶሻና ብዙ ተስፋ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

አዲስ ዕቃ ደግሞ አይወድም። "የድሮ መላጊያ ብረቱ ሌላ ነው፣ ለሊሴ። ጣውላውን ሲልገው ድምፁን ብትሰሚ!" ይለኛል። እናም ሌሎች ፍቅረኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ኬክ ቤት ሲቀመጡ እኛ ሾላ ገበያ የዛገ ብረት እናገላብጣለን፤ የቆራሌው ጆንያ ውስጥ እጃችንን ከተን እንፈልጋለን።

የፍቅር ደብዳቤ እንኳ እንደ ሰው አይጽፍልኝም። ብርጭቆ ወረቀት ይገዛና ጀርባው ላይ፣ በለስላሳው በኩል፣ በወፍራም የአናጢ እርሳስ ይጽፍልኛል። "ዛሬ መሳቢያ ሠራሁ። አይከፈትም። እወድሻለሁ።" ሁሉም እንዲህ ናቸው፤ አንድ ውድቀትና አንድ እወድሻለሁ። ሁሉንም በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ። የቦርሳዬ ገበር በሻካራው በኩል ተፍቆ አልቋል።

እኔ ደግሞ ለሊሴ ዋቅቶላ እባላለሁ። መገናኛ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ እሠራለሁ። ተረከዝ ያለው ጫማ አደርጋለሁ፣ ጥሩ ሽቶ እቀባለሁ። አባቴ ደግሞ ካራ፣ ከድሮው እርሻችን በቀረችው ቁራጭ ግቢ፣ የሬሳ ሳጥን ይሠራል።

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሃያ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እርሻው ሰፈር ሲሆን አባቴ ሞፈሩን ሰቅሎ አናጢ ሆነ። በርም አልጋም ይሠራ ነበር፤ ሰው ግን ለሳጥን ለመደው። የቤት ሥራዬን የሠራሁት በሳጥን ክዳን ላይ ነው። ጨርቁን ሲያለብሰው ትንንሾቹን ምስማሮች አፌ ውስጥ ይዤ አንድ በአንድ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። እናቴ ስትሞት የእሷንም እሱ ራሱ ሠራላት። ትምህርት ቤት "ሳጥኗ መጣች" እያሉ አፍንጫቸውን ይይዙብኝ ነበር። አባቴ ሊያደርሰኝ ሲመጣ ሰጋቱራው ኮቱ ላይ ስለሚታይ፣ በሩ ሳይደርስ "በቃ ከዚህ ተመለስ" እለዋለሁ። ይመለሳል። አንድም ቀን ለምን ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ክህደቴ እንዲህ ነው። ዘረሰናይ ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ የወሰደኝ ቀን፣ ወይዘሮ ለተሥላሴ በዚያ በሚያምር ሳሎናቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝና "አባትሽስ ምን ይሠራሉ፣ የኔ ልጅ?" አሉኝ። አፌን የከፈትኩት "አናጢ ናቸው" ለማለት ነበር፤ በማርያም እላችኋለሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አርፈዋል።"

ሴትዮዋ ደረታቸውን ያዙ። "ውይ! እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።"

"አሜን" አልኩ።

መዋሸቱስ እሺ፤ ሰው ይዋሻል። ያቺ አሜን ነች የምታቃጥለኝ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወይዘሮ ለተሥላሴ ግን ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ጉድ ያደረገኝ። የባለቤታቸው ሙት ዓመት ደርሶ እንጦጦ ማርያም ስም ሊያስጠሩ እየተዘጋጁ ነበር። "የአባትሽንም አብሬ አስጠራለሁ። የክርስትና ስማቸው ማነው?" አሉኝ። ያን ያህል ከዋሸሁ አይቀር አንድ ስም መፍጠር ያቅተኛል? አቃተኝ። "ወልደ ሚካኤል" አልኩ። እውነተኛው ስሙን ሰጠሁ።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ቆሜያለሁ። ብርዱ ነጠላዬን ዘልቆ ይገባል። ካህኑ የሙታኑን ስም ከወረቀት እያነበቡ ሄደው ሄደው "ወልደ ሚካኤል" ሲሉ ወይዘሮ ለተሥላሴ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። በዚያች ሰዓት አባቴ ካራ ጎረቤቶቹ ጋ ተቀምጦ እየሳቀ ይሆናል። እንባዬ መጣ። ዘረሰናይ መሃረቡን አቀበለኝ፤ ለሟች የማለቅስ መስሎታል። መሃረቡን ተቀብዬ ፊቴን ሸፈንኩ፤ እንዲያ ባላደርግ ማፈሬ ከፊቴ ላይ ይነበብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካራ መሄድ አቃተኝ። ስሙ ከሙታን ጋር ሲጠራ ሰምቼ እንዴት ዓይኑን ልየው? ስልክ ስደውል "ሥራ በዝቶብኝ ነው አባዬ" እላለሁ፤ "አይዞሽ፣ ሥራሽን ያዢ" ይለኛል። እንዲህ እያልን አምስት ወር ሆነን።

* * *

ኮተቤ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት የምትሸጥ ሙሚና የምትባል ነጋዴ አለች። ግቢዋ በሮች፣ የጣራ ማገሮች፣ ያረጁ የወለል ጣውላዎች ተከምረውበታል። ዘረሰናይ እዚያ ሲገባ ልጅ ይሆናል።

"ይሄን እይ! ቀለሙን እይማ!" አለኝ አንድ ረጅም ጣውላ እየጎተተ።

እጄ ሳላዘው ሄዶ የጣውላውን ጫፍ አነሳ። ዓይኔን አንዱን ጨፍኜ በጠርዙ ላይ አየሁት። "ጠማማ ነው። መሃሉ ላይ ሆድ አውጥቷል። ተወው" አልኩ።

ሙሚና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "አንቺ! የማን ልጅ ነሽ? ገበያዬን ዘጋሽው እኮ!"

ደነገጥኩ። "ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነው።"

"ዩቲዩብ ላይ የማድረው እኮ እኔ ነኝ" አለ ዘረሰናይ እየሳቀ። ሳቁ ካለቀ በኋላም ዓይኑ ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየ። አየሁት፤ ግን እንደ ፍቅር ወሰድኩት። ሰው ደስ የሚለውን ነው የሚያየው።

ስንወጣ ሙሚና ጠራችን። "መሣሪያ ከፈለጋችሁ ካራ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ። ዕቃቸውን ሁሉ እየሸጡ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሂዱና ጠይቁ፣ ሰው ያሳያችኋል።"

ካራ ስትል አባቴ ትዝ አለኝ። ወዲያው ግን ራሴን አጽናናሁ። ካራ ስንት አናጢ አለ! ደግሞ አባቴ መላጊያውን ከሚሸጥ እጁን ይሸጣል። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩና የሚመጣውን ቅዳሜ ሳልፈራ ጠበቅሁት።

* * *

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋ አስፋልቱን ለቃ ወደ ኮረኮንቹ ስትታጠፍ ገባኝ። የባቄላ እርሻ የነበረው ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ከፎቁ ጀርባ የእኛ ቆርቆሮ በር ነው።

"ዘሩ፣ ራሴን አሞኛል። እንመለስ" አልኩት።

"አምስት ደቂቃ፣ የኔ ቆንጆ። ደርሰን እኮ!" ከመኪናው ወርዶ በሬን ከፈተልኝ። ጥቁር መነጽሬን አደረግሁ፤ ሻርፔን ፀጉሬ ላይ ጣል አድርጌ ከኋላው ተከተልኩ።

"ቤቶች!" አለ ዘረሰናይ።

"ግቡ፣ ግቡ። ድንጋይዋን ተጠንቀቁ..."

አባቴ ሳይጨርስ ዘረሰናይ ተሰናከለ። በራችን ላይ ግማሽዋ የተቀበረ አንዲት ድንጋይ አለች። አባቴ ሊነቅላት ሞክሮ አልነቀል ስላለችው የተዋት ነች። ዘረሰናይ ሊወድቅ ሲል በሩን ተደግፎ ቆመና "ይቅርታ!" አለ። ለድንጋይዋ ነው የተናገረው። እኔ እግሬን አንስቼ ተሻገርኩ፤ ከዘረሰናይ ሁለት እርምጃ ኋላ ቆምኩ።

አባቴ በአምስት ወር ውስጥ አርጅቷል። ቀኝ ዓይኑን እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የእንጨት ፍንጣሪ አጥፍቶበታል። አሁን ግራውም ነጭ ሆኗል። ሲራመድ በእጁ ግድግዳውን ይዳብሳል። ይህን በስልክ አንድም ቀን አልነገረኝም።

"ሞራ ወርዶበት ነው" አለ ለዘረሰናይ፣ የሽያጩን ምክንያት ሲያስረዳ። "ጥላ ጥላውን ነው የማየው። ይሄ ሥራ ደግሞ በጥላ አይሆንም። ሰው አንዴ ነው የሚተኛበት፤ ጠማማ መሆን የለበትም።" አንድ ጎኑ ያልተመታ ሳጥን ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር። ዘረሰናይ አየው። አፍንጫውን አልያዘም። ጠጋ ብሎ መጋጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰና "እንዴት ያምራል" አለ። ዕድሜዬን ሙሉ የደበቅኩትን ነገር እሱ በአንድ ጣት አደነቀው።

አባቴ ዕቃዎቹን አግዳሚው ላይ በጨርቅ አንጥፎ ደርድሯቸዋል። ረጅሙ መላጊያ፣ አጭሩ መላጊያ፣ አራቱ መሮዎች፣ እጀታው በላብ የጠቆረው መጋዝ። እያንዳንዱን በእጁ እየዳሰሰ ያስተዋውቀዋል። "ይሄን መጋዝ ሥራ ሳትጀምር ዘይት ብቻ ቅባው፤ ሌላ አይፈልግም። ይቺ መሮ ተናዳጅ ነች፣ ቀስ በልላት።" ዘረሰናይ እንደ ተማሪ ይሰማል። አንድ ሁለቴ ሊስቅ ሲል አየሁት፤ አባቴን ወደደው። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለማየት ስንት ነገር እሰጥ ነበር።

"እነዚህስ?" አለ ዘረሰናይ ወደ ጣራው ሥር እያየ። ስድስት የዋንዛ ጣውላዎች በመሃላቸው ስንጥር እየገባ ተደርድረዋል።

"እነሱ አይሸጡም።"

"ዋንዛ ነው አይደል? ስንት ዓመት ደረቀ?"

"አስራ አንድ። በየጥምቀቱ አገላብጠዋለሁ፤ አንድ ፊቱ ብቻ ከተኛ ይጎብጣል። ዘንድሮ ለብቻዬ አቃተኝና ተወኩት።" አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለልጄ አልጋ ነው። ስታገባ ልሠራላት።"

"ልጅ አለችዎት?"

"አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። መገናኛ ቢሮ ነች። ትልቅ ቦታ ነው ያለችው።" ሲናገር ቀና አለ።

"ትመጣለች?"

"ትመጣለች እንጂ! ሥራ ይበዛባታል እንጂ ትመጣለች።"

አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። መነጽርሽን አውልቂና "አባዬ" በይ። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች፤ እንደዚያን ጊዜዎቹ ምስማሮች ቆጠቆጠችኝ። ጥርሴን ገጠምኩባት።

"አንዷን ማየት እችላለሁ?" አለ ዘረሰናይ።

አባቴ ከላይኛዋ አንዷን ሳብ አደረገ። ዓይኑ ባያይም እንደ ልማዱ የጣውላዋን ጫፍ ወደ ፊቱ አቅርቦ፣ ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በነጩ ግራ ዓይኑ በጠርዟ ላይ አየ። "ጥላዋ ቀጥ ብሏል" አለ። ለዘረሰናይ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ አቅጣጫ ፊቱን መለሰና "እህትም ትያት" አለ።

ተቀበልኩ። መነጽሬን ወደ ግንባሬ ገፋ አደረግሁና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ከእንባዬ በስተጀርባ ጣውላዋ ቀጥ ያለች ነበረች።

"ቀጥ ያለ ነው?" አለ አባቴ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አባቴ መልስ ይጠብቃል። ነቀነቅሁ እንደገና። አላየኝም።

"ቀጥ ያለ ነው ብላለች" አለ ዘረሰናይ በቀስታ።

እፎይ አልኩ። አላየኝም፣ አላወቀኝም፣ ተረፍኩ አልኩ። አባቴ ዓይኑ ስለጠፋ ደስ አለኝ፤ ይህን ነው ለማንም ልነግረው የማልችለው። ከግቢው ስንወጣ "ደህና ሁኚ፣ እህት። መንገዱ ይቅናሽ" አለኝ። አልመለስኩለትም።

በመንገዱ ሁሉ ዘረሰናይ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ነዳ። ዕቃውን ሰኞ እንደሚወስድ ብቻ ነገረኝ። መገናኛ ስወርድ እንደ ሌላው ቀን ጉንጬን አልሳመኝም። እጄን ያዘና ትንሽ ቆይቶ ለቀቀው። እዚያው ታክሲ ተራው ላይ ሰው እየገፋኝ ቆሜ ቀረሁ።

* * *

ሰኞ ጠዋት የቢሮ ጓደኛዬ ማርቲ ጠረጴዛዬ ላይ የተጠቀለለ ነገር ጣለችልኝ። "ያንቺው አናጢ በር ላይ ሰጥቶኝ ሄደ። ምነው ዛሬ ሳይቀልድ?"

ብርጭቆ ወረቀት ነው። ጀርባውን ገለበጥኩ።

"ለሊሴ፣ ሰው ሁሉ ጣውላ ሲያይ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል። ሙሚና ጋ አንቺ ቀኝሽን ስትጨፍኚ ገርሞኝ ነበር። ቅዳሜ እሳቸውም ቀኛቸውን ሲጨፍኑ አየሁ። እሳቸው ቀኛቸው ስለማያይ ነው። አንቺ ግን ደህና ዓይን አለሽ። ከእሳቸው አጠገብ ቆማ ያደገች ልጅ ካልሆነች ይህን ማን ያስተምራታል?

አናጢ መሆናቸው አይደለም ያመመኝ። ሳጥን መሥራታቸውም አይደለም። 'ትመጣለች እንጂ' ሲሉ አጠገባቸው ቆመሽ ዝም ማለትሽ ነው። ደግሞ እኔና እናቴ ምን ዓይነት ሰው መስለን ብንታይሽ ነው ብዬ በራሴም አፈርኩ።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ዕቃውን ልወስድ ቀጥሬያለሁ። ከእኔ በፊት ሂጂ። ለእናቴ እኔ አልነግርም። የገደልሻቸው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ንገሪያት።"

አንድ ውድቀት አለ። እወድሻለሁ የሚለው የለም። ወረቀቱን አገላብጬ ፈለግሁት፤ ሻካራው ጣቴን ላጠኝ።

ለአለቃዬ ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። የካራ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት "ሰው ሞቶብሽ ነው እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "አልሞተም" አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገርኩ።

ቆርቆሮ በራችንን ገፍቼ ስሮጥ ያቺ ድንጋይ ጣለችኝ። በሕይወቴ ተሰናክዬባት አላውቅም። በጉልበቴ ነው የወደቅኩት።

አባቴ አግዳሚው አጠገብ ተቀምጦ ረጅሙን መላጊያ በዘይት ጨርቅ ይወለውላል። ለገዢው እያዘጋጀለት ነው። "ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

ጨርቁን አስቀመጠ። ፊቱን ወደ ድምፄ መለሰ። "ዛሬ ምን ነካሽ? ቅዳሜ እንኳ አልተሰናከልሽም።"

በጉልበቴ እንዳለሁ "ታውቅ ነበር?" አልኩ።

"ልጁ ተሰናከለ። ከኋላው ያለችው ድምፅ ሳታሰማ ተሻገረች። ይቺን ድንጋይ ሳያይ የሚሻገር ሦስት ሰው ነው። እናትሽ የለችም። እኔ ቆሜያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?"

"አንቺ ዝም ስትዪ ምን ልበል? ልጁ ጨዋ ነው። ለድንጋይ ይቅርታ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ላበላሽብሽ አልፈለግሁም።" መላጊያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "ድሮስ ትምህርት ቤቱ በር ሳልደርስ እመለስ አልነበር? ያው ነው።"

ያው ነው። ምነው በጥፊ ቢመታኝ! እየዳሁ ሄጄ እግሩን ያዝኩ። ሰጋቱራው ቀሚሴ ላይ ተጣበቀ።

"ያው አይደለም አባዬ። ያላወቅከው አለ። ለልጁ እናት አባቴ ሞቷል ብያቸዋለሁ። ነፍስ ይማር ሲሉ አሜን ብያለሁ። የክርስትና ስምህን ሰጥቼ እንጦጦ ማርያም ከሙታን ጋር ሲጠራ ቆሜ ሰምቻለሁ።"

ከፎቁ የሚመጣው የሠራተኞች መዶሻ ብቻ ይሰማል። እጁን ራሴ ላይ አላደረገም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

በመጨረሻ "እና ሳጥኔን ማን ሠራው?" አለ።

ቀና አልኩ። ሊስቅ ነው ያሰበው። ከንፈሩ ሳቁን ጀመረና ተወው።

"ለሰፈሩ ሁሉ የሠራሁ ሰውዬ፣ ለራሴ በማን እጅ ተሠራልኝ?" አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። "ከፍቶኛል ልጄ። አልከፋኝም ብዬ አልዋሽሽም። ዓይኔ ሲጠፋ እንኳ እንዲህ አልከፋኝም።"

ያን ቀን የተረዳሁት ይቅርታ አለማግኘት መጠላት እንዳልሆነ ነው። እግሩን እንደያዝኩ ስልኬን አወጣሁ። አባቴ እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

"ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ ለሊሴ ነኝ። አባቴ አልሞቱም። ካራ አሉ። አናጢ ናቸው፣ የሬሳ ሳጥን ይሠራሉ። ዋሽቼዎታለሁ። አፍሬባቸው ነው።"

ከስልኩ የእሳቸው የማይመስል የቁጣ ድምፅ መጣ።

"አምስት ወር ሙሉ፣ ማታ ማታ በጸሎቴ ከባለቤቴ ስም አጠገብ ስማቸውን ስጠራ ነበር። በቁም ያለ ሰው!"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር የሚሉሽን እሳቸውን ጠይቂ። እሑድ እንጦጦ ትመጪያለሽ። ስማቸውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የምታስወጪው ግን አንቺ ነሽ። ካህኑ ፊት ቆመሽ 'አባቴ በሕይወት አሉ' ትያለሽ። ሰው ሁሉ እየሰማ።" ደህና ዋይ ሳይሉ ዘጉት።

አባቴ መላጊያውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። "ተቆጥተዋል" አለ።

"አዎ።"

"ጥሩ። ለእኔ ብሎ የሚቆጣ ሰው አጥቼ ነበር።" አግዳሚውን ተደግፎ ተነሳና በእጁ እየዳሰሰ ወደ ጣራው ሥር ሄደ። "ነዪ፣ ኢንተለ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፣ ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠራኝ ነው። "እያለቀስሽ መሥራት ትችያለሽ። ዋንዛው ከአምናው ጥምቀት ጀምሮ በአንድ ጎኑ ተኝቷል። ከዚያ ጫፍ ያዢ።"

ያዝኩ። ከባድ ነው። ለብቻው እንዴት አስር ዓመት አገላበጠው? አንዷን ገለበጥን፣ ሁለተኛዋን ገለበጥን። ሦስተኛዋን ሳነሳ አባቴ "እያት" አለኝ። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ አየኋት። መሃሏ ላይ ትንሽ ሆድ ማውጣት ጀምራለች።

"ጎብጣለች" አልኩ። ዛሬ ድምፅ አውጥቼ ነው የመለስኩለት።

"በጊዜ ካገላበጥናት ትመለሳለች" አለ።

የመኪና ድምፅ ከበሩ ውጭ ቆመ። የመኪና በር ተዘጋ። ስድስት ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። ጀርባዬ ለበሩ ነው፤ ቀሚሴ ጉልበቱ ላይ ተቀድዷል፣ ሰጋቱራ ፀጉሬ ድረስ ሞልቶኛል። ዞሬ ላየው አልደፈርኩም። ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ መጥቶ ይሆናል። ያየሁትን አይቻለሁ ብሎ ለመሰናበትም ሊሆን ይችላል። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ የዋንዛውን ጫፍ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

ቆርቆሮው ተከፈተ። እርምጃው ድንጋይዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። አባቴና እኔ ትንፋሻችንን ይዘን ሰማን። ከዚያ አንድ እግር ተነሳ፣ ተሻገረ፣ ከወዲህ በኩል አፈሩ ላይ ዐረፈ። ሁለተኛውም ተከተለ።

አባቴ በማያዩት ዓይኖቹ ወደ እኔ ዞረ። "አልተሰናከለም" አለኝ።